ጋሼ ያውቅ ነበር

ባለፈው ፍልሰታ አንዲት ጎረቤቴ ቡና ከጠጣን በኋላ ሌሎቹ ሴቶች እስኪወጡ ድረስ ሲኒ እያጠበች ቆየች። ብቻችንን ስንቀር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ሲስተር፣ የእኔው ሰውዬ ሽንቱ ደም መስሎ ወጣ። ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ አሁን ጠፍቶለታል። ምንም ሕመም የለውም። ጾሙን ቀይ ሥር አዘውትሮ ስለበላ ይሆን?» አለችኝ።

ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመት ቢያልፈኝም በሰፈሩ እስካሁን ሲስተር ነኝ። ግፊቱን የሚለካ፣ የታዘዘለትን መድኃኒት አወሳሰድ የሚጠይቅ፣ ልጁ ያተኮሰበት ሁሉ ወደ እኔ ቤት ይመጣል። ለአብዛኛው ጥያቄ ቶሎ መልስ አላጣም። ለዚህኛው ግን ቶሎ መልስ መስጠት ካቆምኩ ብዙ ጊዜ ሆኖኛል። ይህንኑ ጥያቄ ከዓመታት በፊት ወንድሜ ጠይቆኝ ነበር። ለእሱ ቶሎ ነበር የመለስኩለት።

ወንድሜ በ12 ዓመት ይበልጠኝ ነበር። አባታችን ልጆች ሳለን ስላረፈ ያሳደገኝ እሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። «ጋሼ» ነበር የምለው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ በአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ሆነ። ተሳቢውን ጭኖ አዋሽን፣ ገዋኔንና ሚሌን እያቋረጠ እስከ ባሕሩ ዳር ይወርዳል። ሲመለስ ተምር ይዞ ይመጣል። የነርስነት ትምህርት ቤት ስገባ የደብተሩም የልብሱም ወጪ የእሱ ነበር። ስመረቅ ነጭ ጫማ ገዝቶ አመጣልኝና፣ «በይ ሲስተር፣ እንግዲህ አንቺ እያለሽ እኔ ሐኪም ቤት ምን አደርጋለሁ?» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም።

የአሰብ መንገድ በሌሊት ነው የሚነዳው። ቀኑ በረሃው አያስነዳም። እንቅልፍ እንዳይጥለው ሲጋራ ያጨስ ነበር፤ ማጨሱን የተወው መንዳቱን ከተወ በኋላ ነው። በሃምሳዎቹ ዕድሜው ደም ግፊት ተገኘበት። መድኃኒቱን የሚውጠው ግን ራሱን ሲያመው ብቻ ነበር። ከመሪው ወርዶ አዳማ ቤቱ ከተቀመጠ በኋላ ደግሞ ወፍሮ ነበር። እነዚህ ሦስቱ፣ ሲጋራ፣ ደም ግፊትና ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ ለኩላሊት ካንሰር ከሚያጋልጡት ዋና ዋናዎቹ መሆናቸውን ዛሬ ስጽፈው ቀላል ነው። ያኔ ግን ሦስቱንም በዓይኔ እያየሁ አንድም ቀን አገናኝቼ አላሰብኳቸውም።

በጥቅምት 2004 ዓ.ም. አንድ ጠዋት ከሌሊት ተረኛነት ወጥቼ ታክሲ ስጠብቅ ከአዳማ ደወለልኝ።

«ሲስተር፣ ሽንቴ የሥጋ እጣቢ መሰለ።»

«ያምሃል?»

«ኧረ ምንም አያመኝም።»

«ጠጠር ይሆናል። ውሃ በደንብ ጠጣ፤ ካልተሻለህ ትመጣለህ።»

በልቤ ደግሞ ቢልሃርዝያም አስቤ ነበር። በአዋሽ ሸለቆ የሽንት ፊኛን የሚያጠቃው ዓይነት እንዳለ ተምሬያለሁ፤ እሱ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ በዚያ መስመር ሲያልፍ ውሃው ውስጥ ገብቶ ይታጠብ ነበር። በሦስተኛው ቀን ደወለና «ጠፋልኝ» አለኝ። መረቀኝም። ደስ ብሎኝ ስልኩን ዘጋሁት።

የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። «አያመኝም» ማለቱ አረጋጋኝ፤ ሊያስደነግጠኝ ሲገባ። ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ ሰውን መሬት ላይ ያንከባልላል። ኩላሊት ላይ የሚበቅል ካንሰር ግን መጀመሪያ ላይ ዝምተኛ ነው። ኩላሊት ከሆድ ዕቃ ጀርባ፣ ከጎድን አጥንት ሥር ተደብቆ ስለሚቀመጥ ዕጢው በእጅ እስኪዳሰስ ወይም ጎንን እስኪያም ድረስ ብዙ ሊያድግ ይችላል። ደሙም በየቀኑ አይታይም። አንድ ቀን ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ከወራት በኋላ ይመለሳል። በመሐል ያለው ጊዜ ለሰውየው የጤና ጊዜ ይመስለዋል። ዕጢው ግን አያርፍም።

ደሙ በነሐሴ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ጋሼ ከስቶ፣ ሌሊት በላብ እየተዘፈቀ፣ ግራ ዳሌውን እያነከሰ ነበር። አዳማ አንድ ክሊኒክ ደሙን ተመርምሮ «ኩላሊትህ በደንብ ይሠራል» ተብሏል። ውጤቱ ውሸት አልነበረም። ያ የደም ምርመራ የሚነግረን ሁለቱ ኩላሊቶች ተባብረው ደም የማጣራት ሥራቸውን መሥራታቸውን ነው። አንዱ ቢታመም ጤነኛው ሸክሙን ስለሚሸከም ወረቀቱ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል። ዕጢ መኖር አለመኖሩን ለማየት አልትራሳውንድ ያስፈልጋል።

አዲስ አበባ አምጥቼ አልትራሳውንድ አስነሳሁት። ግራ ኩላሊቱ ላይ 9 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ዕጢ ታየ። ሲቲ ስካኑ ደግሞ ሳንባውና የዳሌው አጥንት ላይ መሠራጨቱን አሳየ። አራተኛ ደረጃ ማለት ነው።

ዕጢው ከኩላሊቱ ሳይወጣ ቢገኝ ኖሮ ሕክምናው ቀዶ ጥገና ነበር፤ ብዙ ሰውም ይድንበታል። ሰው በአንድ ኩላሊት መኖር እንደሚችል ከታወቀ ቆይቷል። ጉስታቭ ሲሞን የተባለ ጀርመናዊ ቀዶ ሐኪም የአንዲት ሴትን አንድ ኩላሊት አውጥቶ በሌላው እንድትኖር ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1869 ነው። ከተሠራጨ በኋላ ግን ነገሩ ይከብዳል። ለሌሎች ካንሰሮች የሚሰጠው የተለመደው ኬሞቴራፒ ለአብዛኛው የኩላሊት ካንሰር እምብዛም አይሠራም። እ.ኤ.አ. ከ2005 መጨረሻ ጀምሮ ዕድገቱን የሚገቱ እንክብሎች በውጭው ዓለም ጥቅም ላይ ውለው ነበር። ዋጋቸውን ስንሰማ ግን ከቤተሰባችን አቅም በላይ ሆነብን።

ወጣቱ ሐኪም ከክፍሉ ጠርቶ አወጣኝ። «ሲስተር፣ እርስዎ ባለሙያ ነዎት። ለእሳቸው እንዴት እንንገራቸው?» አለኝ።

«ዶክተር፣ በእግዚአብሔር! እንዳይነግሩት» አልኩ።

ያን ቃል ከመናገሬ በፊት አላሰብኩበትም። በ33 ዓመት አገልግሎቴ የስንቱ ታማሚ ልጅ፣ የስንቱ ሚስት ኮሪደር ላይ እጄን ይዛ ይህንኑ ስትለኝ ኖራለች። እኔም ተባብሬያለሁ። አስተዳደጋችን ነው። ክፉ ወሬ በድንገት አይነገርም። ለሞት እንኳ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ንጋት ተጠብቆ ነው መርዶ የሚረዳው። ታማሚ ደግሞ «ካንሰር» የሚለውን ስም ከሰማ በሽታው ሳይሆን ወሬው ይገድለዋል ብለን እናምናለን። ስሙን ራሱ አንጠራውም፤ «ያ ክፉ በሽታ» ነው የምንለው።

ለጋሼ «ኩላሊትህ ውሃ ቋጥሯል፤ በመድኃኒት ይመጣል» አልኩት። «እሺ ሲስተር» አለ። ሌላ ምንም አልጠየቀኝም።

ከዚያ በኋላ ቤቴ ቲያትር ቤት ሆነ። የምርመራ ወረቀቶቹን ቁም ሳጥኔ ውስጥ ቆለፍኩ። ልጆቹን እፊቱ እንዳታለቅሱ ብዬ ተቆጣሁ። ጠያቂ ሲመጣ በር ላይ አስቁሜ «ፊታችሁን አታጥቁሩበት፤ ምንም አያውቅም» እላለሁ። ባለቤቱ ማጀት ገብታ አልቅሳ ፊቷን ታጥባ ትመለሳለች። እሱ አልጋው ላይ ሆኖ ስለ ታክሲ ታሪፍ ያወራል።

መስከረም ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀን። የእናታችን መቃብር መንዝ፣ ተወልደን ባደግንበት ገጠር ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። «ለመስቀል እዚያ ደርሼ ልምጣ። ሌላው ቢቀር ጧፍ ላብራላት» አለ። ያን ጊዜ በከዘራ ይሄድ ነበር፤ መኪና ውስጥም መቀመጥ ይችል ነበር። እኛ ግን፣ «መጀመሪያ ዳን! ሲሻልህ እኛው እንወስድሃለን» አልነው። እንደማይሻለው የምናውቀው ሰዎች ነን እንዲህ ያልነው። ምን ብለን እንፍቀድለት? የሚድን ሰው ለምን ይቸኩላል?

በጥቅምትና በኅዳር የዳሌው ሕመም በረታ። በዚያን ጊዜ በሀገራችን የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነበር። እዚያ ተወስዶ ለአጥንቱ ጨረር ተሰጠውና ለተወሰኑ ሳምንታት ፋታ አገኘ። ለገና ደግሞ ታናሽ እህታችን ከአሜሪካ መጣች። «ለበዓል ናፍቃችሁኝ ነው» አለች። በ11 ዓመት ውስጥ ለበዓል ናፍቀናት አናውቅም።

ጥር 12 ቀን ቤተሰቡ በሙሉ የሚካኤልን ታቦት ለመሸኘት ወጣ። እኔና እሱ ብቻችንን ቀረን። ከሩቅ እልልታ ይሰማል።

«ሲስተር፣ በሩን መለስ አድርጊውና ቁጭ በይ» አለኝ። ተቀመጥኩ።

«ስንት ጊዜ ቀረኝ?»

«የምን?» አልኩ፣ እንደ ሞኝ።

«ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ። ሞተር ሲያንኳኳ የማይሰማ ሹፌር የለም። ለጨረሩ የወሰድሽኝ ጊዜ ኮሪደሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ አየሁት። ያ ሁሉ ሰው ነቀርሳ ይዞት፣ ውሃ የቋጠርኩት እኔ ብቻ ነኝ? ደግሞስ ለቋጠረ ውሃ ሰው ከአሜሪካ ድረስ ይመጣል?»

ሳላስበው ሳቄ መጣ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን።

«ካወቅክ ለምን ዝም አልከኝ?» አልኩት።

«እኔን ለመደበቅ ስትደክሙ አሳዘናችሁኝ። እንደማውቅ ካወቃችሁ የምትሰበሩ መሰለኝ።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ተረቱ ለታማሚው የተነገረ ይመስለኝ ነበር። በእኛ ቤት ግን ደባቂዎቹ አስታማሚዎቹ ነበርን። እኛ እሱን እየጠበቅን መስሎን፣ እሱ ደግሞ እኛን እየጠበቀ፣ ሦስት ወር ሌሊቱን ብቻውን አሳለፈ። በጨለማ ሲያስብ የሚያወራው ሰው አልነበረውም። ከጎኑ ያለው ክፍል ውስጥ ሁላችንም ነበርን።

ከዚያ ቀን በኋላ ስድስት ሳምንት አብረን ኖርን። ሐኪሙ የነገረኝን ሁሉ ነገርኩት። እሱም ሥራውን ጀመረ። የንስሐ አባቱን አስጠራ፤ ተናዘዘ፣ ቆረበ። የእድር ደብተሩን፣ የታክሲውን ሊብሬና የቤት ካርታውን አንድ ፌስታል ውስጥ አድርጎ ለባለቤቱ አስረከበ። ማን ብድር እንዳለበት ቆጥሮ፣ «ከእነዚህ ከሁለቱ አትጠይቁ፤ የላቸውም» አለ። በሒሳብ ተጣልተው 15 ዓመት የተኮራረፉትን የድሮ ረዳቱን አስፈልጎ አስመጣ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ማታውን ሙሉ ስለ መንገዱ ሲያወሩ አመሹ፤ የቱ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንደበጠሱ፣ የቱ ሻይ ቤት በብድር ያበላቸው እንደነበር። ልጆቹ አባታቸው እንዲህ ያለ ተረት እንዳለው የሰሙት ያኔ ነው።

ስለ ሕመሙም ልናገር። ሐኪሙ ፈሳሽ ሞርፊን ሲያዝለት ባለቤቱ «ሱስ ይሆንበታል፤ ያደነዝዘዋል» ብላ ፈራች። እውነቱን ለመናገር እኔም ፈርቼ ነበር። በሥራ ዘመኔ ብዙ ታማሚ ሕመሙን ችሎ እንዲተኛ ነው ስንመክር የኖርነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው መመሪያ የካንሰር ሕመም ማስታገሻ በአፍ፣ በሰዓቱና በደረጃው እንዲሰጥ መክሯል። ከቀላሉ ይጀመራል፤ ካልበቃ ከፍ ይላል፤ መጨረሻው ሞርፊን ነው። ሕመሙ እስኪነሳ አይጠበቅም። እንደታዘዘው በሰዓቱ ስሰጠው ጋሼ ተኛ፣ በላ፣ ተጫወተ። ያስቸገረን የሆድ ድርቀቱ ነበር፤ ለእሱም መድኃኒት አለው። ዛሬ በአዲስ አበባ እንደ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ያሉ፣ የማይድን ሕመም ያለበትን ሰው ቤቱ ድረስ እየሄዱ የሚንከባከቡ ባለሙያዎች አሉ። «ምንም ማድረግ አይቻልም» የሚለውን ቃል ከሐኪም ቤት ይዞ የሚመለስ ቤተሰብ ይህን ይወቅ። ባይድንም ሳይሰቃይ መኖር መብቱ ነው።

አንድ ምሽት እኔም ንስሐዬን ነገርኩት። «ጋሼ፣ መጀመሪያ የደወልክልኝ ቀን ውሃ ጠጣ ነው ያልኩህ» አልኩት።

ዝም ብሎ ቆየ። «ሂድ ተመርመር ብትዪኝስ እሄድ ነበር? ውሃ ጠጣ ስትዪኝ እኮ ደስ ነው ያለኝ» አለ።

ሊያጽናናኝ ብሎት ይሁን እውነቱን ይሁን እስካሁን አልለየሁትም። ላይሄድ ይችል ነበር። እኔ ግን ሂድ አላልኩትም።

እናታችን መቃብር ልንወስደው አስበን ነበር። ሐኪሙ የዳሌው አጥንት ስለሳሳ የገጠሩ መንገድ ሊሰብረው እንደሚችል ነገረን። ሠላሳ ዓመት የነዳው ሰው መኪና ላይ መቀመጥ አቃተው። «በቃ፣ አንቺ ሂጂልኝ» ብሎ የጧፍና የዕጣን መግዣ እጄ ላይ አስቀመጠ። በየካቲት 2005 ዓ.ም.፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ሁላችንም አልጋውን ከበን ሳለ አረፈ። 66 ዓመቱ ነበር። አርባው ካለፈ በኋላ መንዝ ሄጄ ጧፉን አበራሁ። ሲሄድ የሚችልበትን መንገድ ለእሱ የዘጋሁበት እኔ ነበርኩና፣ እዚያ ቆሜ የማለቅሰው ለእናቴ ይሁን ለእሱ ለራሴም አልገባኝም።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ስድስት ዓመት ሠራሁ። ቤተሰብ ኮሪደር ላይ እጄን ይዞ «እንዳትነግሪው» ሲለኝ አልተቆጣሁም። ፍቅር መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን «መጀመሪያ እሱን እንጠይቀው» እላለሁ። «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ለማንስ እንዲነገር ይፈልጋሉ?» ይህ ቀላል ጥያቄ ነው። «ለልጄ ንገሩልኝ፤ እኔ መስማት አልፈልግም» የሚል አለ፤ መብቱ ነው፣ ይከበርለታል። አብዛኞቹ ግን «ንገሩኝ» ይላሉ። ብዙዎቹ ያውቁታል። የቀራቸው የሚያወሩት ሰው ማግኘት ብቻ ነው።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። ቀይ ሥር ሽንትን ያቀላል፤ እውነት ነው። አንዳንድ የቲቢ መድኃኒትም እንዲሁ። ኢንፌክሽን፣ ጠጠር፣ ቢልሃርዝያ፣ የሽንት ፊኛና የፕሮስቴት ሕመም፣ ሁሉም ደም ሊያመጡ ይችላሉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በቀላሉ ይታከማሉ። የትኛው እንደሆነ ግን በቡና ላይ አይታወቅም። «ባይመውም፣ ቢጠፋለትም፣ ነገ ጠዋት ይሂድ። ሽንቱ ይመርመር፣ አልትራሳውንድ ይነሳ» አልኳት። እንዳትረሳው ብዬ በነጋታው ራሴ በራቸውን አንኳኳሁ።

ሄደ። ውጤቱ ጠጠር ሆነ፣ ትንሽ ጠጠር። ጎረቤቴ በሳምንቱ ቡና ላይ ሴቶቹ ሁሉ እየሰሙ፣ «ሲስተር፣ ለዚህች ጠጠር ብለሽ ሰባት ቀን እንቅልፍ ነሳሽኝ!» ብላ ሳቀችብኝ። አብሬያት ሳቅሁ። እንዲህ ያለ በከንቱ መደንገጥ ምነው ለጋሼም በደረሰው ኖሮ።